«ልጆቼን ካክተስ የት ላሳያቸው?»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሱሉልታ ነው። የ8 እና የ11 ዓመት ልጆች አሉኝ። ስፔን የምትኖረው እህቴ ላንዛሮቴ በሚባል ደሴት ላይ ያለ የካክተስ ጋርደን ጎብኝታ ፎቶ ላከችላቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ‹እኛስ መቼ ነው የምንሄደው?› እያሉ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥተውኛል። ከአዲስ አበባ ሳንርቅ እንዲህ ያለ ነገር የሚታይበት ቦታ አለ? መቼ እንሂድ? ምን ላሳያቸው? ሌላው ደግሞ፣ መንገድ ዳር ከችግኝ ሻጮች የምገዛቸው ካክተሶች ክረምት በገባ ቁጥር ይበሰብሱብኛል። ውኃ ነፍጌያቸው አላውቅም። ምን አጠፋሁ?»

ምላሽ፦ «ውኃ ነፍጌያቸው አላውቅም» ያሉት ላይ የመጨረሻው ጥያቄዎ መልስ አለ። እመለስበታለሁ። መጀመሪያ ልጆቹ ይቅደሙ።

እቅጩን ልንገርዎት። የላንዛሮቴውን የመሰለ፣ ከዳር እስከ ዳር ለካክተስ ተብሎ የተሠራ ሰፊ ጋርደን አዲስ አበባ ጥግ አይጠብቁ። ነገር ግን ፎቶው ላይ ካክተስ መስሎ የታያቸው ሁሉ ካክተስ አይደለም። እንዲህ ያሉ ጋርደኖች ውስጥ ከአፍሪካ የሄዱ የቁልቋልና የእሬት ዘመዶችም ይተከላሉ። እነዚያን ለማየት ደግሞ ፓስፖርት አያስፈልግዎትም። ከቤትዎ ደጃፍ የሚያልፈውን የጎጃም መንገድ ይዘው ወደ ሰሜን መንዳት ብቻ ነው።

እንዲህ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። ጉብኝቱን ለሁለት ይክፈሉት። አንዱን ጠዋት ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፣ ሌላውን ሙሉ ቀን ደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ።

ጉለሌ ከከተማው ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ የእንጦጦ ሰንሰለት ላይ ነው ያለው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማ አስተዳደሩ በጋራ ያቋቋሙት ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ደጋ ስለሆነ በረሃ ፍለጋ አይሂዱ። የሚያገኙት ጽድ፣ ወይራ፣ ብርድና ንጹሕ አየር ነው። ታዲያ ለምን ላክሁዎት? ልጆቹ ዕፅዋትን ማየት የሚለምዱበት ቦታ ስለሆነ ነው። አንድ ዛፍ ሥር ቆመው ስሙን ያንብቡ፣ ቅጠሉን ይሳሉ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይለፉ። እንዳሁላና እሬት የት እንዳለ አስጎብኚውን ይጠይቁ። ሁለቱም ቅጠላቸው ውስጥ ውኃ የሚያጠራቅሙ ናቸው። የእንጦጦ ድንጋይ ላይ ሳይቀር ቅጠላቸው ወፈር ያለ፣ ውኃ የቋጠሩ ትንንሽ ዕፅዋት አሉ። አለቱ ላይ አፈር የለም፤ ዝናቡ ወርዶ ወዲያው ይሄዳል። ሀገሩ እርጥብ ቢሆንም አለቱ ለእነሱ በረሃ ነው። ይህን ልጆቹ እዚያው ቆመው ካዩት ሌላው ሁሉ ይቀላል።

አሁን ወደ ዋናው ልሂድ። እኛ ሀገር ሰው ሁሉ «ካክተስ» የሚለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ቁልቋል ነው፤ ቁልቋል ደግሞ ካክተስ አይደለም። ስለ ስም ለመከራከር አይደለም ይህን የምለው። ሁለቱን ለይቶ ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ የትም ቢሄድ ዓይኑ ሥራ አይፈታም።

ካክተስ የአሜሪካ አህጉራት ተወላጅ ነው። ከ1,400 በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነዚያ ሁሉ በገዛ ራሱ ባሕር ተሻግሮ አፍሪካ የሚበቅለው አንድ ዝርያ ብቻ ነው። እሱም በረሃ ሳይሆን ጫካ ውስጥ ዛፍ ላይ እንደ ክር ተንጠልጥሎ የሚያድግ፣ ሲያዩት ካክተስ የማይመስል ነው። የቀረውን ያመጣው ሰው ነው። ቁልቋል ግን የአፍሪካ ልጅ ነው። አጥር የምናጥርበት ቅንጭብም የእሱ ወንድም ነው።

እንግዲህ የማይዛመዱ ሁለት ቤተሰቦች በሁለት የተለያዩ አህጉራት አንድ ዓይነት ችግር ገጠማቸው። ፀሐዩ ይበዛል፣ ዝናቡ ያንሳል። ሁለቱም ቅጠል ትተው ግንዳቸውን አረንጓዴ አደረጉ። ግንዱን አወፍረው ውኃ ሞሉበት፣ ዙሪያውን እሾህ አበቀሉ። ሳይመካከሩ አንድ መልክ ያዙ። እኔ ይህን ሳስብ ዛሬም ይገርመኛል።

መለያው እሾሁ የበቀለበት ቦታ ነው። ጎንበስ ብለው ይዩት። ካክተስ ከሆነ እሾሁ የሚወጣው ጥጥ ከመሰለች ትንሽ ትራስ ላይ ነው። ከአንዷ ትራስ ብዙ እሾህ እንደ ኮከብ ጨረር ይበተናል። አበባውም ፍሬውም የሚወጣው ከዚያችው ትራስ ነው። ቁልቋል ላይ ትራስ የለም። እሾሁ አብዛኛውን ጊዜ ጥንድ ጥንድ ሆኖ በግንዱ ጠርዝ ላይ ይደረደራል። ሁለተኛው ምልክት ወተቱ ነው። ቁልቋል ሲቆረጥ ወተት የመሰለ ነጭ ፈሳሽ ያወጣል። የካክተስ ፈሳሽ ባብዛኛው የጠራ ነው። ይህን ግን ልጆቹ በቃል ይወቁት እንጂ እንዳይሞክሩት። ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ።

ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ገደል አፋፍ ላይ ጎርፍ የጣለው ትልቅ ቁልቋል አገኘሁ። ቅርንጫፉን ቆርጬ ውስጡን ላይ ፈለግሁ። ጓንት አልነበረኝም። ቢላው እንደነካው ወተቱ ከጠርዙ ላይ ጠብታ ጠብታ ሆኖ ቆመ፤ ከዚያ መውረድ ጀመረ። ውስጡ እንደ ስፖንጅ ነበር፣ ነጭ፣ ቀላል፣ እርጥብ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ፀሐዩ ከረር ሲል በእጄ ጀርባ ላቤን ጠረግሁ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግራ ዓይኔ ተቃጠለ። ሌሊቱን ዓይኔን መክፈት አቅቶኝ አደርኩ። ሐኪሙ የዓይኔ ብሌን ሽፋን እንደተቆጣ ነገረኝ። ለመዳን ቀናት ፈጀ። እንደ ዕድል ሆኖ ዓይኔ ተረፈ፤ በዚህ የተነሳ እይታቸው የተጎዳ ሰዎች አሉ። ስለዚህ የቁልቋልም የቅንጭብም ወተት የልጆቹን እጅ ከነካ ቶሎ በሳሙና ይታጠቡ። ዓይን ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ ያለማቋረጥ ይጠቡ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ሐኪም። መኪናው ውስጥ አንድ ጀሪካን ውኃ ይኑር።

ካክተስ ደግሞ ልጆቹ በአፋቸው ያውቁታል። በለስ ነው። ክረምት ላይ ጎዳና ዳር በጋሪና በሰፌድ የሚሸጠው፣ ሻጩ በቢላ ሰንጥቆ ልጣጩን ገልጦ የሚያቀርበው ፍሬ እውነተኛ ካክተስ ነው። መነሻው ሜክሲኮ ነው። ወደ እኛ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ገደማ ሲሆን ትግራይ ላይ ከገበሬው ኑሮ ጋር ተዋህዶ የሰውም የከብትም ምግብ ሆኗል። የትልቁን እሾህ ያህል የሚያስቸግረው ዓይን የማያየው ፀጉር መሳዩ ነው። እጅ ላይ ከተሰካ አይሹት፤ ፕላስተር ለጥፈው ይንቀሉት። አብዛኛው አብሮ ይነሳል።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ደብረ ሊባኖስ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእርስዎ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ጫንጮን፣ ሙከጡሪን አልፈው ሜዳው ለጥ ብሎ ይሄድና በድንገት መሬቱ ይቆረጣል። ቁልቁል ገደል ነው። ደጋው እዚያ አፋፍ ላይ ያበቃል፤ ከታች ቆላ ይጀምራል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ አፈሩ ይሳሳል፣ ድንጋዩ ይበዛል። እዚያ ተዳፋት ላይ ቁልቋል ቆሞ ያያሉ። ከአንድ ወፍራም ግንድ ብዙ ክንድ አውጥቶ፣ ክንዶቹን ሁሉ ወደ ሰማይ አቅንቶ። ከቁልቋሎቹ የአንዱ ሳይንሳዊ ስም ዩፎርቢያ ካንዴላብረም ነው። ካንዴላብረም በላቲን መቅረዝ ማለት ነው። ልጆቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መቅረዝ አይተው ከሆነ አይተው የማይረሱት ስም ይሆንላቸዋል። እግረ መንገዳቸውን ጭላዳ ዝንጀሮ ማየታቸው አይቀርም። እናም እውነቱን ለመናገር ቁልቋሉን ለጥቂት ጊዜ ይረሱታል። ይርሱት፤ ተመልሰው ይመጣሉ።

እሬቱን ግን እንዳያልፉት። እኔ ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ከ40 የሚበልጡ የእሬት ዝርያዎች ይበቅላሉ። ብዙዎቹ ሌላ የትም የሉም። አንዱ ከደብረ ብርሃን ስሙን ወስዶ አሎ ደብራና ተብሏል። ሌላው አንኮበር ገደል ላይ ግንዱን ወደ ታች ለቆ ተንጠልጥሎ የሚኖር ሲሆን ስሙም አሎ አንኮበሬንሲስ ነው። ሻምፖና ሎሽን ላይ ስሙን የምናነበው አሎቬራ ከእነዚህ አንዱ አይደለም፤ የእሱ ሀገር የዐረብ ምድር ነው። እኛ «እንደ እሬት የመረረ» የምንለው፣ እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት መራራ፣ ከቅጠሉ ልጣጭ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ነው። መሀሉ ላይ ያለው የሚያሙለጨልጭ ነገር ግን የተጠራቀመ ውኃ ነው።

ሲያብብ ካገኙት አበባው ፊት ዝም ብለው ይቀመጡ። ልጆቹ አይቀመጡም ይሉኝ ይሆናል። አምስት ደቂቃ ብቻ ይለምኗቸው። ቀይ ወይም ብርቱካናማው አበባ እንደ ቱቦ ወደ ታች ያጎነብሳል። አበባ የምትመጥ ትንሽ ወፍ ትመጣለች። ምንቃሯ ረጅምና ቆልመም ያለ ነው፣ ልክ ለቱቦው የተሰፋ ይመስላል። ምንቃሯን ትሰድና ስታወጣው ግንባሯ ላይ ቢጫ ዱቄት ተለጥፎ ይታያል። ያን ዱቄት ወደሚቀጥለው አበባ ትወስደዋለች። ይህን አንድ ጊዜ ያየ ልጅ የአበባ ዱቄት ምን እንደሚሠራ ደብተር ላይ መሸምደድ አያስፈልገውም።

ከእሬት ጋር የሚምታታው ቃጫ የሚወጣለት አጋቬ ነው። ያ የሜክሲኮ ተክል ነው። እሬት ዕድሜውን ሙሉ ደጋግሞ ያብባል። ትልቁ አጋቬ ግን ዓመታት ሙሉ አጠራቅሞ፣ አንድ ጊዜ እንደ ምሰሶ የረዘመ አበባ ያወጣና ይሞታል። አጥር ጥግ እንደዚያ ምሰሶ የተተከለበት ካዩ የመጨረሻ ጊዜውን እያዩ ነው።

መቼ እንሂድ ላሉት፣ ከመስቀል በኋላ እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ ይመቻል። ዝናቡ ያበቃል፣ መንገዱ ይደርቃል፣ ገደሉ ገና አረንጓዴ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ጭጋጉ ገደሉን ይሸፍነዋል፤ ድንጋዩም ያዳልጣል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደርሳችሁ ከ5 ሰዓት በፊት ጥላ ብትይዙ ጥሩ ነው። ልጆቹን ከአፋፉ ያርቁ። ሸራ ጫማ ሳይሆን ሶሉ ወፍራም የሆነ ያድርጉላቸው፤ እሾህ በስስ ሶል ያልፋል።

ትልቁ ልጅ 11 ዓመቱ ስለሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር ይንገሩት። እነዚህ ዕፅዋት የሚተነፍሱት ሌሊት ነው። ሌላው ዕፅ ቀን የቅጠሉን ቀዳዳዎች ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል። በበረሃ ቀን ቀዳዳ ከተከፈተ ውኃው ተንኖ ያልቃል። ስለዚህ ካክተስ፣ አብዛኛው እሬት፣ እንዳሁላም ቀን ዘግተው ይውላሉ። ማታ ቀዝቀዝ ሲል ይከፍቱና አየሩን ይስባሉ። የሳቡትንም በአሲድ መልክ ያስቀምጡታል። ሲነጋ ይዘጉና ያን አሲድ በፀሐይ ብርሃን ወደ ስኳር ይለውጡታል። ቤንጃሚን ሄይን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1813 ከጻፈው ደብዳቤ አንዱ ስለዚህ ነው። ሕንድ ውስጥ የእንዳሁላን የቅርብ ዘመድ ቅጠል ጠዋት ሲቀምሰው ጎምዛዛ፣ ከሰዓት በኋላ ሲቀምሰው ግን ያ ጉምዛዜ ጠፍቶ አገኘው። ምክንያቱ የታወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ልጆቹ ግን ቅጠል እንዳይቀምሱ አደራ፤ የእንዳሁላ ቤተሰብ ውስጥ ልብን የሚጎዳ መርዝ ያላቸው አሉ።

አንድ ልመናም አለኝ። ከገደሉ ምንም ነቅላችሁ እንዳትመጡ። ደግሞስ ምን ችግር አለው፣ አንድ ቡቃያ ነው ይባል ይሆናል። ግን እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት ከተገመገሙት 1,478 የካክተስ ዝርያዎች 31 በመቶው የመጥፋት ስጋት እንዳለባቸው አሳይቷል። ካመጡት ምክንያቶች አንዱ ለቤት ጌጥ ተብሎ ከዱር መነቀል ነው። የእኛም ጠባብ ቦታ ላይ ብቻ የሚኖሩ እሬቶች ከዚያ የተለየ ዕድል የላቸውም። ሳይተስ በሚባለው፣ የመጥፋት ስጋት ያለባቸውን የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት መሠረት ከአሎቬራ በቀር እሬቶች፣ ካክተሶችና ውኃ ቋጣሪ የቁልቋል ዝርያዎች ከሞላ ጎደል በሙሉ ንግዳቸው ቁጥጥር አለበት። ኢትዮጵያም ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስምምነቱ አባል ናት። ስለዚህ እህትዎ ስትመጣ «አንድ ልውሰድ» ብትል ያለ ፈቃድ ኤርፖርት ይዛ እንዳትሄድ ይንገሯት።

አሁን የበሰበሱት ካክተሶች ጋ ደረስን። ያላጠፉትን ልንገርዎት። በጥማት አልሞቱብዎትም። ውኃ ነው የገደላቸው። እነዚህ ዕፅዋት ሥራቸው ውኃ እንደ ነካው ቶሎ ጠጥቶ፣ ከዚያ አፈሩ እንዲደርቅለት የተፈጠረ ነው። ሱሉልታ ክረምቱን ሙሉ ይዘንባል፣ ይቀዘቅዛል፤ አፈሩ ደግሞ ብዙ ቦታ ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ውኃ ከያዘ አይለቅም። ሥሩ አየር ያጣል፣ ሻጋታ ይገባዋል፣ መበስበሱ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። እርስዎ ሲያዩት ግንዱ እንደ በሰለ ሙዝ ለስልሷል፤ ያኔ ብዙ ዘግይቷል።

ላንዛሮቴ ያለው ጋርደን የሚያምረው ለምን ይመስልዎታል? ሴሳር ማንሪኬ የሚባል አርቲስት የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የተከፈተ ነው። ቦታው ቀድሞ የእሳተ ገሞራ ጠጠር የሚወጣበት ጉድጓድ ነበር። ዛሬም መሬቱ በዚያው ጥቁር ጠጠር ተሸፍኗል። ውኃ አይቋጥርም፣ ሥሩን አያሳፍንም። እኛስ? ሬዳሽ አለን እኮ! መንገድ የምንደለድልበት፣ ከቢሾፍቱና ከዱከም ኮረብታዎች በገልባጭ የሚመጣው ቀይ ጠጠር ያው የእሳተ ገሞራ ልጅ ነው። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለች፣ ሞቅ ያለች ናት። ተቆፍሮ ያለቀ አንድ የሬዳሽ ጉድጓድ ተመርጦ የእኛ ቁልቋል፣ የእኛ እሬት፣ የቦረናና የድሬዳዋ በረሃ ዕፅዋት ቢተከልበት፣ የእርስዎ ልጆች ጥያቄ እዚሁ አዲስ አበባ ጥግ ይመለስ ነበር። ይህን ለሚሰማኝ ሁሉ እናገራለሁ፤ ለእርስዎም ነገርኩዎት።

ለቤትዎ እንዲህ ያድርጉ። ሬዳሹን በወንፊት ይንፉት። ዱቄቱን ይጣሉ፣ ሽምብራ የሚያክለውን ይያዙ። ሁለት እጅ ሬዳሽ፣ አንድ እጅ የበሰለ ኮምፖስት የተቀላቀለበት አፈር ይበቃል። ፖቱ ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው። ከታች የሚቀመጠው ሳህን ውኃ ከያዘ ይድፉት። ሰኔ ሲገባ ዝናብ ወደማይደርስበት ግን ብርሃን ወደሚያገኝ በረንዳ ያስገቡና እስከ መስከረም ውኃ ማጠጣቱን ይተዉት። አይሞትም። ትንሽ ቢሸበሸብ አይደንግጡ፤ ግንዱ ላይ ያሉት ሸንተረሮች እንደ አኮርዲዮን የሚከፈቱና የሚዘጉ ናቸው፣ ሲጠጣ ይሞላል። በበጋ አፈሩ እስከ ታች ሲደርቅ ብቻ ጠግቦ እንዲጠጣ ያድርጉ፣ በየቀኑ ጠብታ አይስጡት። ከኅዳር እስከ ጥር ሱሉልታ ውርጭ ስለሚጥል ሌሊት ጆንያ ያልብሱት ወይም ወደ ቤት ያስገቡት።

ከሻጩ ሲገዙ ደግሞ ቀይ ወይም ቢጫ ኳስ የተጫነበትን ይወቁት። ኳሱ አረንጓዴ ስለሌለው የራሱን ምግብ መሥራት አይችልም። ተቆርጦ ሌላ አረንጓዴ ካክተስ ላይ የተቀጠለ ነው። ብዙ ዓመት አይቆይም፣ እርስዎ ስላጠፉ አይደለም። አንዳንዱ ላይ ደግሞ ደረቅ አበባ በሙጫ ይለጠፍበታል። ቀስ ብለው ነካ አድርገው ይዩት።

አሁን ቤት ውስጥ መበስበስ የጀመረ ካለ ዛሬውኑ ያውጡት። በንጹሕ ቢላ ጤነኛው ሥጋ እስኪታይ ድረስ ከላይ ይቁረጡ። ቡናማ ነጥብ መሀሉ ላይ ካለ አሁንም ከፍ ብለው ይድገሙት። ነጭ ወተት የሚያወጣ ከሆነ ቁልቋል ነው፤ ጓንት ያድርጉ፣ ልጆቹን ያርቁ። የተረፈውን ራሱን ጥላ ቦታ ለሁለት ሳምንት ያድርቁት። ቁስሉ እንደ ቡሽ ሲደርቅ ደረቅ ሬዳሽ ላይ ያቁሙት። ውኃ አይስጡት። ልጆቹ በየሳምንቱ ቀስ ብለው ነቅነቅ ያድርጉት። አንድ ቀን አልነቃነቅም ይላቸዋል፤ ሥር ያዘ ማለት ነው። ያን ጊዜ የመጀመሪያዋን ውኃ እነሱ ያጠጡት።